ዶሮን ማርባት፤ ደስታውና ኀዘኑ

ሰው በቤቱ ከሚያኖራቸው እንስሳት መካከል ታናሺቱ ዶሮ ናት። እንደ በሬ ቀንበር አትጎትትም፤ እንደ አህያ ጭነት አትሸከምም፤ እንደ ውሻም ደጅ አትጠብቅም። ይሁን እንጂ በሬና ላም የሌለው ድኻ እንኳ አንዲት ዶሮ አያጣም። የገበሬ ልጅም ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚጠራው ሀብት ብዙ ጊዜ ዶሮ ነው። ስለዚህ ልጅ ስለ ትጋት፥ ስለ ገንዘብ፥ ስለ ፍቅርና ስለ ሞት የሚማረውን የመጀመሪያ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚማረው ከዶሮ ቆጥ ሥር ነው።

ዶሮ ከሩቅ አገር የመጣች እንግዳ ናት። በእስያ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ጫካዎች ቀይ የዱር ዶሮ ዛሬም ይኖራል፤ የቤት ዶሮ ዋና አባት እርሱ ነው። ሰዎች ይህን የዱር ወፍ ካለመዱት በኋላ ነጋዴዎችና መርከበኞች ከአገር ወደ አገር ይዘውት ሄዱ። ወደ ኢትዮጵያም የገባው እጅግ በጥንት ዘመን ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በሚባል ጥንታዊ መንደር መሬቱን ቆፍረው የመረመሩ ሊቃውንት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ዘመን የነበሩ የዶሮ አጥንቶች አግኝተዋል። በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ እነዚህ ከጥንታውያኑ የሚቈጠሩ ናቸው። እንግዲህ አንዲት የገበሬ ልጅ በማለዳ ተነሥታ ለዶሮዋ ጥሬ ስትበትን፥ ከ2000 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያለውን ሥራ ትሠራለች ማለት ነው።

ታች ጋይንት በደቡብ ጎንደር ያለ አገር ነው። በአንድ ወገን ላይ ጋይንት፥ በሌላው ወገን ስማዳ ያዋስኑታል፤ በበሽሎ ወንዝ በኩል ደግሞ ገደሉ ጥልቅ ነው። የአገሩ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ይባላል፤ ስሙም የገበያውን ቀን ይናገራል። በገበያው ቀን ከደጋውም ከቈላውም ሰው ይሰበሰባል። እህል የሚሸጥ፥ ጨው የሚገዛ፥ በግ የሚጎትት፥ ቅቤ የተሸከመ ሁሉ በየተራው ይቀመጣል። በአንድ በኩል ዶሮ ሻጮች አሉ። ዶሮዎቹ እግራቸው ታስሮ መሬት ላይ ተጋድመው ይታያሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ በሰው እጅ ይንጠለጠላሉ። ገዢው ዶሮዋን ያነሣል፥ ክብደትዋን በእጁ ይመዝናል፥ ደረትዋን በጣቱ ይዳስሳል፥ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይከራከራል።

በዚህ አገር አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። በመስከረም ወር በአንድ ዓርብ እናትዋ ወደ ገበያ ይዛት ሄደችና አንዲት ቄብ ገዛችላት። ቄብዋ ገና እንቍላል መጣል ያልጀመረች፥ ላባዋ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለባት ገብስማ ነበረች። ሻጩ እንደ ልማዱ እግርዋን ይዞ ዘቅዝቆ ሰጣት። ልጅቱ ግን ቀና አደረገቻትና በነጠላዋ ጠቅልላ በደረትዋ ይዛ ሄደች። በመንገድም የቄብዋ ልብ በፍጥነት ሲመታ በእጅዋ ተሰማት። «አትፍሪ፤ ከእንግዲህ ወዲያ የእኔ ነሽ» አለቻት። ስምዋንም ገብስማ ብላ ጠራቻት።

ቤት በደረሱ ጊዜ አያትዋ የቄብዋን አንድ እግር በቀጭን ገመድ አስረው ከምሰሶው አጠገብ አኖሩአት። ልጅቱ ይህን አይታ አዘነች፤ «እምዬ፥ ስለ ምን ታስሩአታላችሁ? ምን አጠፋች?» ብላ ጠየቀች። አያትዋም፥ «ልጄ፥ ያላጠፋም ይታሰራል። ዛሬ ብንለቃት የመጣችበትን ስትፈልግ ትጠፋለች፤ ወይም ቀበሮ ይበላታል። ጥቂት ቀን ከእጅሽ ከበላች ግን ገመዱን ብንፈታው ራስዋ ትመለሳለች» አሉአት። እንዳሉትም ሆነ። ልጅቱ ጧትና ማታ ጥሬ እየሰጠች፥ ውኃም በገል እየቀዳች አለመደቻት። ገመዱ ከተፈታ በኋላ ገብስማ ቀን ስትጭር ውላ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ራስዋ ገብታ ከቆጥ ላይ ትወጣ ነበር። ልጅቱም ያን ጊዜ አንድ ነገር አወቀች፤ በገመድ የታሰረ ይሸሻል፥ በመልካም እጅ የተያዘ ግን ይመለሳል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገብስማ በጓዳው ጥግ ከጭድ ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን እንቍላል ጣለች፤ ወዲያውም ቤቱ እስኪሞላ ድረስ አሽካካች። ልጅቱ ሮጣ እንቍላሉን አነሣችው። ገና ይሞቅ ነበር። ለእናትዋ አሳየች፥ ለአያትዋ አሳየች፥ ለታናሽ ወንድምዋም ካሳየች በኋላ እንዳይነካው ከለከለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕለት ዕለት እንቍላል ስታገኝ በጤፍ ውስጥ ቀብራ ታስቀምጠው ነበር። ታናሽ ወንድምዋ ይጠበስልን ይላል፤ ጎረቤትም ሽጪልን ይላል። እርስዋም ልብዋ ወዲያና ወዲህ አለ። አያትዋ ግን፥ «የበላሽው ዛሬ ያልቃል፤ ያስታቀፍሽው ግን ነገ ይቆያል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽምን?» አሉአት። እርስዋም ታገሠች።

የአገር ዶሮ እንደ ውጭ አገር ዶሮ ብዙ አትጥልም። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቍላል ያህል ነው። ጥቂት ጥላ ታቆምና መታቀፍ ትፈልጋለች። ይህ ለእንቍላል ነጋዴ ጉዳት ቢመስልም፥ ለገበሬ ቤት ግን ጥቅም ነው፤ ያለ መኪና ጫጩት የሚፈለፈለው በእርስዋ አካል ሙቀት ብቻ ነውና። ገብስማም በኅዳር ወር መጣሉን ትታ ከጭዱ ላይ አልነሣም ብላ ተቀመጠች። አያትዋ በአሮጌ እንቅብ ውስጥ ዐመድ ነሰነሱ፤ ዐመዱ ቅንቅን እንዳይወራት ነው። በላዩ ለስላሳ ጭድ አነጠፉና 13 እንቍላል አስታቀፉአት። ልጅቱም በግድግዳው ላይ በከሰል ቀን መቍጠር ጀመረች።

ጫጩት የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ቀን እናቲቱ ሥራ የፈታች ትመስላለች፤ ነገር ግን ሥራዋ ከባድ ነው። ሙቀቱ ለሁሉም እኩል እንዲደርስ እንቍላሎቹን በመንቍርዋ እየገለበጠች ታዘዋውራቸዋለች። በቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ተነሥታ ፈጥና ትበላለች፥ ትጠጣለች፥ ወዲያውም ትመለሳለች። በእነዚያም ቀኖች ሰውነትዋ ይከሳል። ልጅቱ ይህን አይታ ውኃውንና ጥሬውን ወደ እንቅቡ አቀረበችላት። በስምንተኛው ቀን ደግሞ አያትዋ አንዱን እንቍላል አንሥተው በበር ስንጥቅ በሚገባው የፀሐይ ብርሃን ፊት ያዙት። በውስጡ እንደ ቀይ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ታዩ። ልጅቱም ዝም ብላ አየች፤ ምን እንደምትል አላወቀችምና።

በ20ኛው ቀን ማታ ጆሮዋን ወደ እንቅቡ ብታስጠጋ በእንቍላሉ ውስጥ የጫጩት ድምፅ ሰማች። ጫጩት ገና ሳይወጣ ከእናቱ ጋር ይነጋገራልና። በማግሥቱ ቅርፊቱ በጥቂቱ ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም ትንሽ መንቍር ብቅ አለች። ልጅቱ ልትረዳው ፈልጋ እጅዋን ብትዘረጋ አያትዋ ከለከሉአትና፥ «ተዪው፤ ራሱ ይውጣ። ሳይደርስ ያወጣሽው እንደ ሆነ ይደማል» አሉ። እስከ ማታም 11 ጫጩቶች ተፈለፈሉ፤ 2 እንቍላል ግን ሳይፈለፈል ቀረ። እርጥብ የነበሩት ጫጩቶች በእናታቸው ክንፍ ሥር ሲደርቁ እንደ ጥጥ ሆኑ። አንዱ ቢጫ፥ አንዱ ጥቁር፥ አንዱም ነጭ ነበረ። በዚያ ሌሊት ልጅቱ ከደስታ የተነሣ እንቅልፍ አጣች።

ደስታ ባለበት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጫጩት ጠላቱ ብዙ ነው። በሌሊት ሸለምጥማጥ፥ በቀን ጭልፊት ይጠብቀዋል፤ ብርድና ዝናብም ይገድለዋል። ስለዚህ ልጅቱ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ጊዜ በግቢው ውስጥ እንድትጠብቃቸው ታዘዘች። ጥቂት ቀንም በትጋት ጠበቀች። አንድ ቀን ግን የጎረቤት ልጆች ከአጥሩ ውጭ ቅልሞሽ ሲጫወቱ ሰማች። «አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውቼ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። አንዱ ጊዜ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱም ሦስት ሆነ።

በዚህ ጊዜ ጥላ በግቢው ላይ አለፈ። ገብስማ ጮኸች፤ ጫጩቶቹም ሁሉ ሮጠው በክንፍዋ ሥር ገቡ። ነጩ ጫጩት ግን ከሁሉ የደከመ ነበረና ወደ ኋላ ቀረ። ጭልፊቱ ወርዶ በጥፍሩ ያዘው። ገብስማ ዘልላ ተናነቀችው፤ ላባዋም ተነቅሎ በግቢው ተበተነ፤ ነገር ግን ልታስጥለው አልቻለችም። ልጅቱ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ በመጣች ጊዜ ጭልፊቱ ከዛፉ በላይ ሆኖ ነበር። ጫጩቶቹን ብትቈጥር 10 ሆኑ። ደግማ ቈጠረች፤ እንደዚያው 10 ሆኑ።

ያን ጊዜ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ታናሽ ወንድምዋ በግቢው ውስጥ ተኝቶ ነበርና «እርሱ በሩን ከፍቶ ነው» ለማለት አሰበች። አያትዋ ከውኃ ሲመለሱ የገብስማን ላባ በመሬት ላይ አይተው፥ «ምን ሆነ?» አሉ። ልጅቱ አፍዋን ለሐሰት ከፈተች፤ ነገር ግን ክንፍዋን ዘርግታ የቀሩትን የሸፈነችውን ዶሮ ባየች ጊዜ እንባዋ ቀደማትና፥ «እምዬ፥ ጨዋታ ሄጄ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። አያትዋም አልመቱአትም። «ጭልፊት ክንፍ አለው፤ ጠባቂም ዐይን አለው። የጭልፊቱን ክንፍ ማንም ሊወስድበት አይችልም፤ የጫጩቶቹን ዐይን ግን አንቺ ወሰድሽባቸው» አሉአት። ይህ ቃል ከአለንጋ ይልቅ አመማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልትጠብቅ ያልቻለች እንደ ሆነ እንቅቡን በጫጩቶቹ ላይ ደፍታ፥ በላዩም ድንጋይ ጭና ትሄድ ነበር።

ከቀሩትም 2ቱን ብርድ ገደላቸው፤ 8ቱ ግን አደጉ። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ በዶሮ ድምፅ የሞላ ሆነ። ሴቶቹ እንቍላል ጣሉ። ልጅቱም የገበያን ጠባይ አወቀች። በዐቢይ ጾም በ55ቱ ቀን ሥጋና እንቍላል የሚበላ ሰው ጥቂት ነውና ዋጋው ይወርዳል። ፋሲካ በቀረበ ጊዜ ግን ሁሉ ዶሮና እንቍላል ፈላጊ ስለሚሆን ዋጋው ይወጣል። ስለዚህ በጾሙ መጨረሻ ያጠራቀመችውን እንቍላል በሰፌድ ላይ በጭድ አድርጋ ወደ ገበያ ወሰደች፤ በገንዘቡም ደብተርና እርሳስ ገዛች። በደብተሩ የፊት ገጽ ላይ ስምዋን ከጻፈች በኋላ ከበታቹ የአንዲት ዶሮ ሥዕል ሣለች።

ነገር ግን ያ ፋሲካ ሌላም ነገር አመጣ። ከ8ቱ መካከል አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነበረ። ጅራቱ እንደ ማጭድ የተጠማዘዘ፥ ድምፁም የጠራ ነበር። ሌሊት ሲጮኽ አያትዋ ለማኅሌት የሚነሡት፥ እናትዋም ለወፍጮ የምትነሣው በእርሱ ነበር። ከልጅቱም እጅ ይበላ ነበር። በቅዳሜ ማታ አባትዋ ቢላዋ ስሎ ያን አውራ ዶሮ እንድታመጣ አዘዛት። ልጅቱ ይዛ መጣች፤ እጅዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በበዓሉ ቀን ወጡ እንደ ልማዱ 12 ብልት ሆኖ ለቤተሰቡና ለእንግዶች ሲቀርብ እርስዋ አልቀመስም አለች።

እናትዋ ልትቈጣት ፈለገች። አያትዋ ግን፥ «ተዪአት» አሉና ለልጅቱ እንዲህ ብለው ነገሩአት፤ «ዶሮው ሲኖር ከአውሬ ጠበቅነው፥ አበላነው፥ አጠጣነው፤ እርሱም የክብረ በዓላችንን ማዕድ ሞላ። የሚበላውን የሚወድድ ሰው አያባክንም፤ በከንቱም አያሠቃይም። ማልቀስሽ ነውር አይደለም፤ ሳታለቅሺ ብትቀሪ ይብስ ነበር።» ልጅቱ በዚያ ቀን ይህን ነገር ሁሉ አላስተዋለችውም። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ገበያ የሚሄደውን ዶሮ ሁሉ ራሱን ዘቅዝቃ አልያዘችም፤ በእንቅብ አድርጋ ትወስደው ነበር እንጂ።

ከዚህም አስቀድሞ በጥር ወር ልጅቱ አንድ መልካም ነገር አድርጋ ነበር። ከሸለቆው ማዶ በሌላ መንደር ባልዋ የሞተባት አንዲት ድኻ ሴት ትኖር ነበር። እናትዋም ልጅቱም ተማክረው ከገብስማ ልጆች አንዲቱን ቄብ ሰጡአት። ውላቸውም እንዲህ ነበረ፤ ሴትዮዋ ቄብዋን ትቀልባለች፥ ትጠብቃለች፤ የሚወለዱትንም ጫጩቶች ሲያድጉ እኩል ይካፈላሉ። ምስክር አልቈጠሩም፤ ወረቀትም አልጻፉም።

ከፋሲካ በኋላ በግንቦት ወር ፈንግል ገባ። ፈንግል የዶሮ ቸነፈር ነው። የያዘው ዶሮ ክንፉን ይጥላል፥ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፥ ኩሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ አንዳንዱም አንገቱ ይጠመዘዛል። ከዶሮ ወደ ዶሮ ፈጥኖ ይተላለፋል፤ ወደ አንድ ቤት ከገባም ብዙ ጊዜ ጥቂት እንኳ አያስቀርም። ወደዚያ መንደር የገባው ከገበያ በርካሽ ተገዝታ በመጣች በአንዲት የታመመች ዶሮ ነበር። ሻጭዋ መታመምዋን ያውቅ ነበር፤ ገዢዋ ግን አላወቀም።

በዚያ ጊዜ በልጅቱ ቤት 9 ዶሮዎች ነበሩ። በማክሰኞ አንዱ ሞተ፤ በረቡዕ ሁለት ሞቱ። በሐሙስ ገብስማ ራስዋ ላባዋን ነፍታ በጥግ ቆመች፤ ጥሬ ቢበትኑላትም አልቀመሰችም። ያን ጊዜ አንዲት ጎረቤት መጥታ ለእናትዋ፥ «ምን ትጠብቂያለሽ? ነገ ዓርብ ነው። አምስቱ ገና ቆመው ይሄዳሉ፤ ማንም አያውቅባቸውም። ሳይሞቱብሽ ወስደሽ ሽጪያቸው፤ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው» አለቻት። እናትዋ ዝም አለች። በዚያ ዓመት አዝመራው ጥሩ አልነበረም፤ በዶሮዎቹም ዋጋ ለልጅቱ የትምህርት ቤት ልብስ ሊገዛ ታስቦ ነበር። ልጅቱም ይህን ታውቅ ነበርና ማታ ገመድ አምጥታ የአምስቱን እግር አሰረች።

አያትዋ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ያዩአት ነበር። አትሂጂ አላሉአትም፤ ሂጂም አላሉአትም። «ልጄ፥ ነገ የሚገዛሽ ማን ነው?» ብለው ጠየቁአት እንጂ። ልጅቱም፥ «እኔ እንጃ፥ እምዬ፤ አላውቀውም» አለች። አያትዋም ዳግመኛ አልተናገሩም።

ልጅቱ ተኛች፤ ነገር ግን ጥያቄው አላስተኛትም። በመስከረም ወር ገብስማን በነጠላ ጠቅልላ የተመለሰችበትን ቀን አሰበች። ነገም አንዲት ልጅ ከእናትዋ ጋር መጥታ ከእነዚህ አንዲቱን በደረትዋ ይዛ ትሄድ ይሆናል። ስም ታወጣላት ይሆናል። በቤትዋም ሌሎች ዶሮዎች ይኖሩአት ይሆናል፤ በሳምንቱም ሁሉም ያልቃሉ። ልጅቱ ገና ሳይነጋ ተነሣችና በጨለማ እየዳበሰች የአምስቱን እግር ፈታች። እናትዋ ነቅታ ታያት ነበር፤ «ልብስሽስ?» አለቻት። ልጅቱም፥ «አሮጌው ይበቃኛል፤ እማዬ» አለች። እናትዋም ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ፊትዋን ወደ ግድግዳው መልሳ አለቀሰች እንጂ።

ገብስማ በዚያው ዓርብ ሞተች። ልጅቱ በጭንዋ ላይ አድርጋ ውኃ በጣትዋ እያንጠባጠበች ስታጠጣት ሞተች። የቀሩትም በሰባት ቀን ውስጥ አለቁ። ሌሎች ሰዎች የሞተውን ዶሮ ከአጥር ውጭ ይጥሉት ነበር፤ ውሻና አሞራም እየጎተተ በሽታውን ወደ ሌላ ግቢ ያደርሰው ነበር። በዚህ ቤት ግን ጥልቅ ጕድጓድ ቈፍረው ሁሉን ቀበሩ፤ ዐመድም ነሰነሱበት፤ ቆጡንም አውርደው አቃጠሉት። በማግሥቱ ሌሊት የሚጮኽ ዶሮ አልነበረም። አያትዋ በልማዳቸው ነቁና ብዙ ጊዜ ጆሮአቸውን አዘንብለው ቆዩ። ዝም ያለ ቤት ምን ያህል እንደሚከብድ ልጅቱ በዚያች ሌሊት አወቀች።

ክረምቱ አለፈ። በመስከረም ወር በአንድ ዓርብ ያቺ ድኻ ሴት በራስዋ ላይ እንቅብ ተሸክማ በደጅ ቆመች። የፈንግሉ ወሬ ከሸለቆው ማዶ ተሰምቶ ነበር፤ በሽታው ግን ወደ እርስዋ መንደር አልተሻገረም። ብትፈልግ «የእናንተም ቄብ ሞተችብኝ» ልትል ትችል ነበር፤ ማንም አይጠረጥራትም ነበርና። እርስዋ ግን እንቅቡን አውርዳ ከፈተችና፥ «ልጄ፥ 8 አደጉ፤ 4ቱ የእኔ፥ 4ቱ የአንቺ ናቸው። እናቲቱም ደኅና ናት» አለቻት። ከአራቱ አንዲቱ ላባዋ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለባት ገብስማ ነበረች። ልጅቱ አነሣቻት፤ ልብዋም በፍጥነት ሲመታ በእጅዋ ተሰማት። ልትናገር ፈልጋ፥ «እማማ፥ ይግቡ፤ ቡና ተፈልቶአል» ከማለት በቀር ምንም ቃል አላገኘችም።

አያትዋ በዚያ ቀን ለሁለቱ ሴቶች ቡና ሲቀዱ፥ «በግንቦት ያልሸጥነው ነገር ዛሬ አልተመለሰልንም፤ ሙታን አይመለሱምና። ይህች ሴት ያመጣችልን የእርስዋን ሐቀኝነት ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ገበያ ወስደን ሸጠን ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ ፊትዋን ቀና ብለን ለማየት ባፈርን ነበር» አሉ።

ከዚህ በኋላ ልጅቱ ከኀዘንዋ ተማረች። አንድ የእርሻ ባለሙያ ወደ ትምህርት ቤታቸው መጥቶ እንደ ነገራቸው፥ ፈንግል ከገባ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ሳይገባ ግን በክትባት ይከለከላል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይሠራል። ከክትባቱ ዓይነቶች አንዱ በዶሮው ዐይን ውስጥ በጠብታ የሚሰጥ ነው፤ ሌላውም በሚጠጣው ውኃ ውስጥ ይጨመራል። አንድ ጊዜ ብቻ ሰጥቶ መተው አይበቃም፤ በየጊዜው መድገም ያስፈልጋል። ከገበያ የተገዛ ዶሮም ወዲያው ከቤቱ ዶሮዎች ጋር አይቀላቀልም፤ ጤንነቱ እስኪታወቅ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው ይቆያል። ልጅቱ ይህን በደብተርዋ ጻፈች። ክትባት ሰጪው ወደ መንደሩ በመጣ ጊዜም ከሁሉ ቀድማ አራቱን ቄቦች በእንቅብ ይዛ ቀረበች፤ ከሸለቆው ማዶ ላለችውም ሴት ወሬውን ላከችላት።

ልጆች ሆይ፥ ዶሮን የሚያረባ ሰው ደስታ ብቻ አያገኝም። የሚሞቅ እንቍላል በእጁ የያዘ፥ ላባዋ የረገፈ ዶሮም በጭኑ ላይ ይይዛል። ኀዘኑን ፈርቶ ዶሮ የማያረባ ሰው ግን የጫጩትን ድምፅ በእንቍላል ውስጥ ሳይሰማ ይኖራል። ስለዚህ እንስሳ የተሰጣችሁ እንደ ሆነ ጠብቁት፤ ጥፋታችሁንም በሌላው ላይ አታሳብቡ። ያልፈለጋችሁትን ጉዳት ለማታውቁት ሰው አትሽጡ፤ የማታውቁት ሰው በሌላ ቤት እንደ እናንተው ዶሮውን በስም የሚጠራ ነውና። የሰው አደራም በእጃችሁ ቢኖር ማንም ሳይጠይቃችሁ መልሱ። በአርብ ገበያ ያለችው ልጅ ይህን ሁሉ የተማረችው ከአንዲት ገብስማ ዶሮ ነው።